የወፍ ጉንፋን በጫማ ይገባል

ስለ ወፍ ጉንፋን ሲወራ ሰው ሁሉ ሰማይ ሰማዩን ያያል። እውነት ነው፣ ቫይረሱን ከአገር አገር የሚያደርሱት የውሃ ወፎች ናቸው፤ የዱር ዳክዬና ዝይ ምንም ሳይታመሙ ተሸክመውት ሊዞሩ ይችላሉ። ግቢ ውስጥ ያለ ዶሮ ዘንድ ሲደርስ ግን ብዙ ጊዜ መንገዱ የምድር ነው፦ ኩስ የረገጠ ጫማ፣ ከሌላ ቤት የመጣ የእንቁላል መያዣ፣ የዱር ወፍ የጠጣበት ውሃ፣ ገበያ ውላ የመጣች አንዲት ቄብ።

ቫይረሱ ከታመመ ወፍ በኩስ፣ በምራቅና በአፍንጫ ፈሳሽ ይወጣል። ኤች5ኤን1 የተባለው ዓይነት ኩስ ውስጥ ሆኖ በ4 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢያንስ 35 ቀን ይቆያል፤ በ37 ዲግሪ 6 ቀን ያህል። ስለዚህ የሚያሰጋው ብርድና እርጥበት ነው፦ ጥላ ያለበት ጭቃ፣ የማይደርቅ ጉዝጓዝ፣ ከመጠጫው ሥር ሁልጊዜ የሚረጥበው ቦታ። የዶሮ ቤቱን ማድረቅ ብቻውን ግማሽ ሥራ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከሁሉም በፊት ለዶሮ ቤት ብቻ የሚሆን አንድ ጥንድ የላስቲክ ቦት ይመድቡ። ቦቱ ከዶሮ ቤት አይወጣም፣ የውጭ ጫማም ወደዚያ አይገባም። ይህ ሕግ በሁለተኛው ሳምንት መረሳቱ ስለማይቀር በሩ ላይ እስከ ጉልበት የሚደርስ ጣውላ በአግድም ያቁሙ። ከጣውላው ወዲህ የውጭውን ጫማ አውልቆ፣ እግርን አሻግሮ፣ ወዲያ ያለውን ቦት መጫማት ነው። ጣውላው ጉዝጓዙም ወደ ውጭ እንዳይበተን ይይዛል። ዶሮዎቹን ማየት የፈለገ እንግዳ ከውጭ ሆኖ ይይ፤ እሱም ቤት ዶሮ ካለ ደግሞ በጭራሽ አይግባ።

ብዙዎች በቦቱ ፈንታ በረኪና ያለበት ሳፋ በር ላይ ያስቀምጡና ልባቸው ያርፋል። ክሎሪን ኩስና ጭቃ ሲያገኝ ኃይሉ እዚያው ላይ ያልቃል፤ ለቫይረሱ የሚተርፍ ነገር የለም። ፀሐይ ያዳክመዋል፣ ዝናብ ያቀጥነዋል። ሳፋ መጠቀም ካለብዎ ከአጠገቡ የሳሙና ውሃና ጠንካራ ብሩሽ ይኑር፤ የጫማው ሶል ጎድጓዳው ሁሉ ተፍቆ ከጠራ በኋላ ነው ወደ በረኪናው የሚነከረው። ውህዱ በየቀኑ ይደፋል፣ ከደፈረሰም ቀኑ ሳያልቅ።

መጠኑ እንዲህ ነው፦ ጠርሙሱ ላይ 5 በመቶ የሚል በረኪና ከሆነ 1 ሊትሩን በ9 ሊትር ውሃ መበረዝ 0.5 በመቶ ይሰጣል። ጽሑፉ 2.5 በመቶ የሚል ከሆነ 2 ሊትር በ8 ሊትር ውሃ። ከተከፈተ የቆየ ወይም ፀሐይ ላይ የተቀመጠ ጠርሙስ ጽሑፉ የሚለው ኃይል ስለማይኖረው አይመኑት። ውህዱ የነካው ዕቃ ለ10 ደቂቃ እርጥብ ሆኖ መቆየት አለበት፤ ረጭቶ ወዲያው መጥረግ በረኪና ማባከን ነው።

መመገቢያና መጠጫ ሲጸዱም ቅደም ተከተሉ ያው ነው። መጀመሪያ ኩሱ ይፋቃል፣ ከዚያ በሳሙና ይታጠባል፣ ይለቀለቃል፣ በረኪናው ይከተላል፣ በመጨረሻ በንጹሕ ውሃ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይደርቃል። ትልቁን ሥራ የሚሠራው ሳሙናው ነው፤ ቫይረሱ የስብ ሽፋን ስላለው ሳሙና ሽፋኑን ይንደዋል። በረኪናን ትኩስ ኩስ ላይ መድፋት ግን ከንቱ ብቻ ሳይሆን አደገኛም ነው፤ ኩስ አሞኒያ ስላለው ከክሎሪን ጋር ሲገናኝ ሳንባ የሚያቃጥል ጋዝ ይወጣል። በጠባብ ዶሮ ቤት ውስጥ ይህን የሞከረ ሰው እያሳለ ነው የሚወጣው። የካርቶን እንቁላል መያዣ ደግሞ ታጥቦ ስለማይጸዳ ከሌላ ቤት ከመጣ ይቃጠል።

ወደ ውሃና መኖው ስንመጣ፣ ሁለቱም ጣሪያ ሥር ይሁኑ። ሜዳ ላይ የተበተነ እህል ወፎችን የሚጠራ ድግስ ነው። ከኩሬ የተቀዳ ውሃ የዱር ዳክዬ ኩስ ሊኖርበት ይችላል፣ ከጣሪያ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃም ጣሪያው ላይ ያረፉ ወፎች የጣሉትን ሁሉ ያጠበ ነው። የቧንቧ ወይም አፉ የተከደነ ጉድጓድ ውሃ ይስጧቸው። የዶሮ ቤቱን ጎን የሚሸፍነው ሽቦ ቀዳዳው ከ25 ሚሊ ሜትር አይብለጥ፤ ከዚያ የሰፋ ከሆነ ትንንሽ ወፎች ይገባሉ። ከላይ ግን ሽቦ ብቻ አይበቃም፤ ወፏ ባትገባም ኩሷ ይገባል። ቆርቆሮ ወይም ጠንካራ ላስቲክ ያስፈልጋል።

ዳክዬና ዶሮ አብረው የሚኖሩበት ግቢ ላይ ጠንከር ያለ አስተያየት አለኝ፦ ይለያዩ። ዳክዬ ቫይረሱን ይዞ ደኅና መስሎ ሊዞር ይችላል፤ ዶሮ ግን በአንድ ሁለት ቀን ትረግፋለች። አዲስ የገባ፣ ወይም ገበያ ወጥቶ ሳይሸጥ የተመለሰ ዶሮም ለብቻው ይቆይ። በሽታው ራሱን ሳይገልጥ እስከ 14 ቀን ሊቆይ ስለሚችል ከሁለት ሳምንት ያነሰ ጊዜ ዋጋ የለውም፤ 30 ቀን ቢሆን ይመረጣል። የራሱ መጠጫና መመገቢያ ይኑረው፣ የሚጎበኘውም ከነባሮቹ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ መለየቱ ለስሙ ይሆናል፤ በሽታውን በእጅዎ ይዘውት ወደ ነባሮቹ ይመለሳሉ።

ምልክቱ አንዳንዴ ሞት ብቻ ነው፤ ማታ ደኅና የነበሩ ዶሮዎች ጠዋት ሞተው ይገኛሉ። ሌላ ጊዜ መብላትና መጠጣት ይተዋሉ፣ እንቁላል በድንገት ይቀንሳል ወይም ቅርፊቱ ይለሰልሳል፣ ፊታቸው ያብጣል፣ ኩክኔያቸው ወደ ሰማያዊ ይጠቁራል፣ ላባ የሌለው እግራቸው ላይ ደም የቋጠረ ነጠብጣብ ይወጣል፣ አንገታቸው ይጣመማል። ፈንግልም ብዙውን ምልክት ይጋራል፤ በዓይን አይቶ መለየት አይቻልም፣ ላቦራቶሪ ያስፈልጋል። «ፈንግል ነው» ብሎ ዝም ማለት ስለዚህ ትልቅ ስህተት ነው። አንቲባዮቲክም ቫይረስ ላይ አይሠራም፤ ቀን ከማጥፋት በቀር።

እንዲህ ሲሆን የሚደረገው አጭር ነው። ዶሮዎቹ ካሉበት አይንቀሳቀሱ፤ አይሸጡ፣ አይታረዱ፣ ለጎረቤት አይሰጡ። እንቁላልና ኩስም ከግቢ አይውጣ። የእንስሳት ሐኪም ይጠራ። ናሙና እስኪወሰድ ድረስ የሞተውን በሁለት ላስቲክ ከረጢት አስሮ ውሻና ድመት የማይደርሱበት ጥላ ቦታ ማቆየት ነው። ድመት የታመመ ወፍ በልታ ትታመማለች፣ ትሞታለችም። ቤት ውስጥ የምትተኛ ድመት ካለች ይህን በቁም ነገር ይያዙት።

አሁን ወደ ሰው እንምጣ። ቫይረሱ ከሰው ወደ ሰው በቀላሉ አይተላለፍም፤ የያዘው ሰው ላይ ግን ሊከፋ ይችላል። በ1997 ሆንግ ኮንግ ውስጥ ኤች5ኤን1 ከያዛቸው 18 ሰዎች 6ቱ ሞተዋል። ከሁሉ የሚያጋልጠው የታመመ ዶሮ ማረድ፣ መንጨትና ሆድ ዕቃ ማውጣት ነው። በደንብ የበሰለ ሥጋና እንቁላል አያሰጋም፤ መሃሉ 70 ዲግሪ ሲደርስ ቫይረሱ ይሞታል። ያ ማለት ግን የታመመችውን አርዶ መቀቀል ይቻላል ማለት አይደለም፤ አደጋው ከድስቱ በፊት ነው።

የሞተ ዶሮ ሲያነሱ ወይም ዶሮ ቤት ሲጠርጉ ጓንት፣ ፊት ላይ ገጥሞ የሚቀመጥ ኤን95 ማስክና መነጽር ያድርጉ። ዓይን መዘንጋት የለበትም፤ ቫይረሱ በዚያም ይገባል። ደረቅ ኩስ አይጠረግም፤ አቧራው ይተነፈሳልና መጀመሪያ ውሃ ይርከፍከፍበት። ሲጨርሱ ጓንቱ ይወልቃል፣ እጅ ይታጠባል፣ ቀጥሎ መነጽሩ፣ በመጨረሻ ማስኩ፣ ከዚያ እጅ እንደገና በሳሙና። ማስኩን በቆሸሸ ጓንት የሚያወልቅ ሰው ቀኑን ሙሉ የተጠነቀቀበትን በአንድ ጊዜ ያጠፋዋል። ልጆች ወደዚህ ሥራ አይቅረቡ።

የታመመ ወይም የሞተ ወፍ የነካ ሰው ለ10 ቀን ራሱን ይከታተል፦ ትኩሳት፣ ሳል፣ የጉሮሮ ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር። ዓይን መቅላትም ከምልክቶቹ አንዱ ነው፤ አንዳንዴ ብቻውን ይመጣል። አንዱ ከታየ ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ቤት ይሂዱ፤ ኦሴልታሚቪር የተባለው ፀረ ቫይረስ መድኃኒት ይበልጥ የሚጠቅመው ምልክቱ በጀመረ በ48 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው። ማስክ አድርገው ይግቡ፣ ዶሮ እንደሞተብዎም ገና በር ላይ ይናገሩ። ያ ካልተነገረ በቀር ሐኪሙ ፊት የተቀመጠው ተራ ጉንፋን የያዘው ሰው ነው።