መብራት ሲመለስ ምን ያደርጋል?

አዳማ ውስጥ ባለ 24 ክፍል የእንግዳ ማረፊያ አስተዳድራለሁ። የኤሌክትሪክ ታሪፍ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በየሦስት ወሩ መጨመር ሲጀምር ባለቤቱ «ስማርት ሕንፃ» የሚባለውን እናስገባ አሉ። ገባ። አምፖሎቹ በኤልኢዲ ተተኩ፤ የኮሪደሩ መብራት ሰው ሲያልፍ ብቻ እንዲበራ ሴንሰር ተገጠመለት፤ ክፍሎቹ ካርድ ሲሰካ ብቻ ኤሌክትሪክ የሚለቅ ማብሪያ ተደረገላቸው። (ርካሹን ማብሪያ አትግዙ፤ የተሰካበትን ሁሉ ይቀበላል። እንግዳው ያለቀ የሞባይል ካርድ ሰክቶ፣ ኤሲውን እንዳበራ ይወጣል። የታጠፈ የሲጋራ ፓኮ ተሰክቶም አግኝተናል።)

ጣጣው የመጣው ቦይለርና ኤሲ በስልክ የሚታዘዙበት መቆጣጠሪያ ሲገጠም ነው። ሻጩ ስለ ቁጠባው ግማሽ ቀን አስረዳን። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ዕቃው ምን እንደሚያደርግ ግን አንድ ቃል አልተነፈሰም።

ቤቱ በተሰብሳቢ በተሞላበት ምሽት መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩ ተነሣ፤ ወዲያው ከየፎቁ «ቀጭ፣ ቀጭ» የሚል ድምፅ ተሰማ። መቆጣጠሪያዎቹ ኃይል ባገኙ ቁጥር በርተው እንዲነሡ ተደርገው ነበር ከፋብሪካ የወጡት። አንዱ ቦይለር 1,500 ዋት ይወስዳል፤ 24ቱ በአንድ ጊዜ ሲበሩ 36 ኪሎዋት። ባለ 50 ኬቪኤ ጄኔሬተራችን የሚሸከመው 40 ኪሎዋት ግድም ነው፤ በዚያ ላይ የኤሲ ሞተር ሲነሣ ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ይስባል። ጄኔሬተሩ አጓራ፣ ጥቁር ጭስ ተፋ፣ ቀጥ አለ። አስነሣነው፤ ደገመው። አንድ እንግዳ ፎጣ አገልድሞ፣ ራሱ ላይ ሳሙናው እንዳለ፣ ደረጃው ላይ ቆሞ ይጣራ ነበር።

በስልክ እናጥፋው እንዳንል ትእዛዙ የሚያልፈው ውጭ አገር ባለ ሰርቨር በኩል ነው፤ የዋይፋዩ ሳጥን ደግሞ ከመብራቱ ጋር አብሮ ይጠፋል። ቀድሞ ይህን ሥራ የሚሠራው ዘበኛችን ነበር፤ የየፎቁን ብሬከር ያወርድና ጄኔሬተሩ ሲረጋ አንድ በአንድ ይመልሳል። ሥርዓቱ ሲገባ «ከእንግዲህ ቦርዱን አትንካ» የተባለው እሱ ነው።

ሻጩ «ትልቅ ጄኔሬተር ግዙ» አለን። ጉዳዩ ይመለከተዋል ወደተባለው መሥሪያ ቤት ሄድኩ፤ ጭነታችሁ በዝቷልና ትራንስፎርመር ይቀየር፣ ማመልከቻ አስገቡ ተባልኩ። አስገባሁ። ማኅተሙ ደብዝዟል ተብሎ ተመለሰ። አስተካክዬ ስመጣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። ይህ አዳማ ነውና ስብሰባው ምናልባት እኛው አዳራሽ ይሆናል።

ሁለቱንም ምክር አትስሙ። የፈታልን የከተማችን ኤሌክትሪሺያን ነው። ቦርዱ ውስጥ ኮንታክተር (በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ትልቅ ማብሪያ) እና ታይም ሪሌይ (ጊዜ ቆጥሮ ማብሪያውን የሚያዝ) አስገባ፤ መብራት ሲመለስ ፎቆቹ ተራ በተራ፣ በደቂቃዎች ልዩነት ይነሣሉ። ጄኔሬተር በሚሠራበት ጊዜ ቦይለሮቹ ጭራሽ አይበሩም። ኢንተርኔት አይፈልግም፣ ማንንም አያስፈቅድም። ዛሬ የቤቱ ብልህ ዕቃ ይኸው ነው።

የሻጩ ወረቀት ላይ ያለውን የካርቦን ስሌትም አትመኑ፤ ኤሌክትሪኩ ከድንጋይ ከሰል የሚመጣ አስመስሎ ነው የሚያሰላው። የእኛ ከሞላ ጎደል ከውሃ ነው፤ እዚሁ አዳማ አጠገብም 51 እና 153 ሜጋዋት የሚያመነጩ ሁለት የነፋስ ጣቢያዎች አሉ። አየሩን የምንበክለው በጄኔሬተሩ ነው፤ አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል ወደ 2.7 ኪሎ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል። ጄኔሬተር አሳድጉ ብሎ ስለ አካባቢ ጥበቃ የሚያወራ ሰው ያናድደኛል።

ቦይለሩን ለቁጠባ 45 ዲግሪ አድርጉት የሚለውንም አልተቀበልኩም። ለብ ያለ የተጠራቀመ ውሃ ለሳንባ የሚጎዳ ባክቴሪያ ይራባበታል፤ የእኛ 60 ላይ ነው። ቁጠባ የሚፈልግ መጀመሪያ ጣሪያው ላይ የፀሐይ ውሃ ማሞቂያ ይስቀል። እኔም ይህን ለባለቤቱ ነግሬያለሁ፤ ገንዘቡ መቆጣጠሪያው ላይ አልቋል ይሉኛል።