ራምቦ ቤት

የቦርሳዬ ማንገቻ የተበጠሰው ሐረር ውስጥ፣ ሸዋ በርን አልፌ ፈረስ መጋላ ልደርስ ስል ነው። ደግነቱ ጀጎል ውስጥ ልብስ ሰፊ ፍለጋ አያንከራትትም። መኪና ግርግር የሚባለው መንገድ ግራና ቀኙ የልብስ ስፌት መኪና ነው፤ ስሙንም ያገኘው ከዚሁ ጩኸት ነው። አንድ ሽማግሌ ቦርሳዬን ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩና፣ «ራምቦ ቤት ነህ? በል ደርሰህ ና፣ ይቆይሃል» አሉኝ።

ራምቦ የሚሉት ፈረንሳዊውን ገጣሚ አርተር ራምቦን ነው። ሃያዎቹን ሲጀምር ግጥምን እርግፍ አድርጎ ትቶ፣ በፈረንጆች 1880 የቡና ነጋዴ ተቀጣሪ ሆኖ ሐረር ገባ። በስሙ የሚጠራው ባለ እንጨት ፎቅ ቤት፣ ባለቀለም መስታወቱን ፀሐይ ሲመታው በጣም ያምራል። ግን አልኖረበትም። ከሞተ በኋላ ህንዳዊ ነጋዴ ያሠራው ነው። ይህን እያወቅኩ ነው የሄድኩት፤ ያም ሆኖ ደረጃውን ስወጣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነበር።

በ1883 ሐረር ላይ ራሱን ፎቶ አንስቷል። በአንዱ ፎቶ፣ ሙዝ ተክል መሃል እጁን አጣምሮ ቆሟል፤ ፊቱ ፈዞ በደንብ አይለይም። ለቤተሰቡ ሲልከው፣ የነጣው ያጠብኩበት ውሃ መጥፎ ስለሆነ ነው ብሎ ጽፏል። የሐረርና የውሃ ነገር ያኔም እንዲሁ ነበር ማለት ነው! ደብዳቤዎቹ የሸቀጥ ዋጋ፣ ስለ አናጢነትና ስለ ብረት ሥራ የሚያስተምሩ መጻሕፍት ላኩልኝ የሚል ልመና፣ ደግሞ መሰልቸት ናቸው። ግጥም የለም። እንዴት አስቻለው? በመጨረሻ በ1891 ቀኝ ጉልበቱ አብጦ መራመድ ሲያቅተው፣ ራሱ በነደፈው ቃሬዛ 16 ሰዎች እየተፈራረቁ ተሸክመው ዘይላ ወደብ አደረሱት። ማርሴይ እግሩ ተቆረጠ፤ እዚያው በ37 ዓመቱ ሞተ።

ስመለስ ማንገቻው በጥቁር ክር ሦስት ጊዜ ተደርቦ ተሰፍቷል። ቦርሳው ቡኒ ነው። «አገኘኸው?» አሉኝ ሽማግሌው፣ ከመኪናቸው ቀና ሳይሉ።

«ፎቶውን አየሁት፣ አባባ።»

«እሱማ ነጋዴ ነበር» አሉና መርገጫውን ረገጡ።

ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ ደብተሬን ገለጥኩ። ከአዲስ አበባ ስነሳ ግጥም ልጽፍበት የገዛሁት ነው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ እንዲህ ሰፈረ፦ ማንገቻ 50 ብር፣ ቡና 30፣ ባጃጅ 40።