የጅብ ጥላ

ዛሬ ጠዋት እንጦጦ ወጣሁ። ሌሊቱን ሲወርድ ያደረው ዝናብ ጋብ ብሏል። ከባህር ዛፉ ወጣ ብላ ያለችው ሜዳ ላይ እንጉዳይ ፈልቷል፤ ሣሩ መሃል ነጭ በነጭ ሆኗል። ደስ ሲል!

አንዱን ከነሥሩ በቢላ ቆፍሬ አወጣሁት። አማኒታ የሚባለው መርዘኛ እንጉዳይ ከሥሩ ከረጢት አለው፤ ዝም ብለው ከነቀሉት አፈር ውስጥ ይቀራል። የእኔው የለውም። ገለበጥኩት። ከባርኔጣው ሥር እንደ ቀሚስ ሽንሽን የተደረደረው ፈዛዛ ሮዝ ነው፤ የትልልቆቹ ወደ ቡናማ ዞሯል። የገዳዩ አማኒታ ግን ነጭ እንደሆነ ይቆያል።

እማዬ ገና ከበር ስታየኝ "ይሄን የጅብ ጥላ ቤቴ እንዳታስገባ!" አለች። እውነቷን ነው። የአማኒታ መርዝ ቢቀቅሉትም አይጠፋም። ሕመሙም ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከ6 ሰዓት በላይ ቆይቶ ነው፤ ከዚያ ጉበትን ይጎዳል።

የሚያራግፈውን ዱቄት ቀለም ለማየት፣ በረንዳ ላይ ባርኔጣውን ነጭ ወረቀት ላይ ደፍቼ ብርጭቆ ከደንኩበት። ማታ ሳነሳው ቸኮሌት የመሰለ ዱቄት እንደ ፀሐይ ጨረር ዙሪያውን ተስሏል። የሜዳ እንጉዳይ ይመስለኛል። የሚያውቅ ሰው ሳያይልኝ ግን አልቀምሰውም።

ወረቀቱን ለእማዬ አሳየኋት። መነጽሯን አድርጋ ብዙ ቆየችበት።