ሐምሌ 21 ቀን የታየችኝ መቀነት

በጽዋ ማኅበር መካከል፣ ከጧቱ አምስት ሰዓት ላይ፣ አረቄ አረቄ እየሸተትሁ «የማርያም መቀነት ታየችኝ» ብዬ ጮክ ብዬ የተናገርሁት ሰው እኔ ነኝ። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ደብረ ማርቆስ ስለ ገባ፣ ነገሩ እንዴት እንደ ነበር በራሴ አንደበት ማስረዳቱ የተሻለ መስሎ ታየኝ።

ሙያዬ የስልክና የቴሌቪዥን ጥገና ነው። ውጭ አገር የሚኖረው የአጎቴ ልጅ ለክረምት ሲመጣ ኦግመንትድ ሪያሊቲ የሚባለውን መነጽር ይዞ መጣና «አንተ ዕቃ ታውቃለህ፣ ለሳምንት ሞክረው» ብሎ ሰጠኝ። መልኩ ከተራ መነጽር ብዙም አይለይም፤ ስልክ ላይ የሚደርሰው መልእክት ግን በአረንጓዴ ፊደል ዓይን ፊት ተንሳፍፎ ይነበባል። በማግሥቱ በጮቄ ግርጌ ወደሚገኘው የአክስቴ መንደር አድርጌው ሄድሁ። የ21 ማርያም ጽዋ አክስቴ ዘንድ ስለ ነበር፣ ዘመድ አዝማዱ በተሰበሰበበት እንዲታይልኝ መፈለጌን አልክድም።

ከመኪና ወርጄ ዳገቱን ስያያዝ ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ወጣች፤ ወዲያውም ከመነጽሩ ላይ ቀይ፣ ቢጫና ሐምራዊ ሆኖ የተዘረጋ ጭረት ዓይኔን ያዘው። ስራመድ አብሮኝ ይራመዳል፣ ራሴን ሳዘነብል ይጠፋል፣ ቀና ስል ይመለሳል። ጭቃ የነካው መስሎኝ በነጠላ ጫፍ ብጠርገው አልለቅ አለ። አክስቴ ቤት ስደርስ ስፒርት ጠየቅሁ፤ ስፒርት አልነበረም፣ አረቄ ግን ነበረ። በእንዲህ ያለ መስተዋት ላይ ነጸብራቅ የሚቀንስ ስስ ሽፋን ስለሚቀባ አልኮልም ሻካራ ጨርቅም ሊጎዳው እንደሚችል አሳምሬ አውቃለሁ፤ ደንበኛዬ ቢያደርገው ኖሮ በተቆጣሁት ነበር። እኔ ግን አንድ መለኪያ አስቀዳሁና የነጠላዬን ጫፍ ነክሬ መወልወል ጀመርሁ። መለኪያው ተገልብጦ ግማሹ ጋቢዬ ላይ ፈሰሰ። የቀረውን እንዳይባክን ብዬ አክስቴ እያየችኝ ጨለጥሁት፤ ይህችኛዋን ባላደርጋት ኖሮ ነገሩ ሁሉ ባልከፋ።

ማኅበርተኛው ዳስ ውስጥ ተቀምጦ ጸሎት ከደረሰ በኋላ፣ እኔ ወደ ፀሐይ ዞሬ፣ የማኅበሩ ሙሴ ደግሞ ፊት ለፊቴ ሆነው ስለ ወርኃዊው መዋጮ ይናገሩ ነበር። ያ የቀለም ጭረት ቀስ ብሎ መጣና ልክ በነጩ ጥምጥማቸው ላይ፣ አንድም ቀለም ሳይጎድለው፣ ቅስት ሆኖ ዐረፈ። ከአፌ አመለጠኝ። ጎጃም ውስጥ በሐምሌ፣ ያውም በ21 ቀን፣ ይህን መናገር ምን እንደሚያስከትል ማሰብ ነበረብኝ፤ ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት፣ ወንዶቹ ባርኔጣቸውን እያወለቁ ሰማይ ለማየት ወደ ደጅ ወጡ። ሰማዩ ላይ ምንም አልነበረም። አክስቴ በደስታ ልትስመኝ ጎንበስ ስትል የጋቢዬ ሽታ ደረሳትና እልልታዋ ከአፏ ላይ ቀረ።

«ከጧት ጀምሮ ነው» አለች፣ ለማንም ሳይሆን።

የአክስቴ ባል ዕድሜያቸውን ሁሉ ዝናብ ሲጠብቁ የኖሩ ገበሬ ናቸው። «ልጄ፣ መቀነት የምትታየው ጀርባህን ለፀሐይ ስትሰጥ ነው፤ አንተ እኮ ወደ ፀሐይ ዞረህ ነው የተቀመጥህ። ደግሞስ በዚህ ሰዓት መቼ ታይታ ታውቃለች? ጧትና ማታ እንጂ» አሉኝ። ኋላ ሳስበው አንዲት ቃል አልሳቱም። ቀስተ ደመና ሁልጊዜ ከፀሐይ ተቃራኒ ነው የሚቆመው፤ ፀሐይ ከአድማስ 42 ዲግሪ ያህል ካለፈች ደግሞ ሜዳ ላይ ለቆመ ሰው ቅስቱ ከመሬት በታች ስለሚውል አይታይም። የዚያን ዕለት ፀሐይዋ ከዚያ በጣም አልፋ ነበር።

ከጎኔ የነበሩት መሪጌታ መነጽሩን እንዳሳያቸው ጠየቁኝ። ተቀብለው ወደ ፊታቸው ሲያስጠጉት ቆም አሉና «ልጁስ ይሁን፣ መነጽሩም ጠጥቷል» አሉ። ዳሱ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸው ግን አድርገውት ወደ ፀሐይ ዞሩ፤ «እውነቱን ነው፣ አለች» ሲሉ ከወዲያ ጥግ አንዲት እናት ሁለተኛውን እልልታ ጀመሩ። መሪጌታም ፀሐዩ ስለ ከበዳቸው መዳፋቸውን ግንባራቸው ላይ ጋረዱ። «ጠፋች።» መዳፋቸውን አነሡ። «መጣች።» ጋረዱ። «ጠፋች።» እልልታውም እንደዚያው ሲነሣና ሲቋረጥ ቆየ።

ያን ጊዜ ነው ጠጋኝ መሆኔ ትዝ ያለኝ። የመነጽሩ ማሳያ የሚያመነጨው አረንጓዴ ብርሃን ብቻ ነው፤ አረንጓዴ ብቻ ከሚያወጣ ዕቃ ቀይና ሐምራዊ ከየት ይመጣል? ቀለሙ የፀሐይዋ ነበር። በእንዲህ ያለ መነጽር ከዘንጉ አጠገብ ያለችው ጥቃቅን መብራት ምስሉን ወደ መስተዋቱ ታስገባለች፤ ብርሃኑ በሁለቱ ገጾች መካከል እየነጠረ ይሄድና መስተዋቱ ላይ በተቀረጹ ረቂቅ ጭረቶች አማካይነት ወደ ዓይን ይወጣል። ጭረቶቹ በ1 ሚሊ ሜትር ውስጥ ከ2,000 በላይ ይሆናሉ፤ የሲዲ ጀርባ 625 ያህል ብቻ ይዞ ያን ሁሉ ኅብረ ቀለም እንደሚረጭ ያየ ሰው የቀረውን ይገምታል። ጭረቶቹ የመጣባቸው ብርሃን የመብራቷ ይሁን የፀሐይ አይለዩም፤ ከላይ በሰያፍ የሚወርደውን የፀሐይ ብርሃን ይበትኑና በየቀለሙ ዓይን ውስጥ ይከቱታል። ሠሪዎቹ የጭረቶቹን ርቀትና ጥልቀት እያስተካከሉ የተበተነው ብርሃን ከዓይን ወዲያ እንዲያልፍ ለማድረግ ይጥራሉ፣ በሰያፍ የሚመጣውን የሚመልስ ሽፋንም ይቀባሉ። እኔ በነጠላና በአረቄ ነበር የተዋጋሁት።

የአክስቴ ባል ይህን ሁሉ በትዕግሥት ሰሙኝና «ታዲያ ከላይ ከሆነ የሚመጣው» ብለው ከግድግዳው ላይ ገሳቸውን አውርደው አለበሱኝ። የገሳው አናት ግንባሬን አልፎ መነጽሩን ጋረደው፤ መቀነቷም ድራሿ ጠፋ፣ አረንጓዴው ፊደል ጥርት ብሎ ተነበበ። በጠራራ ፀሐይ፣ ዳስ ውስጥ፣ ገሳ ለብሼ ጠላ የጠጣሁት ስለዚህ ነው። የመጣው መልእክት «መነጽሩ እንዴት ነው?» የሚል የአጎቴ ልጅ ጥያቄ ነበር።

ሲመሽ ሌላ ነገር ተጨመረ። ጭረቶቹ ወደ ዓይን ከሚልኩት ብርሃን ጥቂቱን ወደ ውጭም ያፈስሱታልና፣ በጨለማ ከፊት ለሚያየኝ ሁለቱም ዓይኖቼ አረንጓዴ ሆነው ይበሩ ኖሯል። ገሳ የለበሰ፣ ዓይኑ የሚበራ ፍጡር በጓሮ በር ሲገባ ያየው የአክስቴ ውሻ፣ ጅብ ቢሆን የማይጮኸውን ጩኸት ጮኸ፤ የሰፈሩ ውሾችም ተቀበሉት። የማሳያውን ብርሃን እስከ መጨረሻው ዝቅ ባደርገው ቀነሰ፤ ውሻው ግን እስክሄድ ድረስ አልተመለሰም።

መነጽሩን ለባለቤቱ መልሼ በነሐሴው 21 ባዶ ዓይኔን ሄድሁ። ጽዋው የዞረው ሌላ ቤት ነበር። ገና ሳልቀመጥ ሙሴው አረቄ ቀጂዋን በዓይናቸው ጠቀሷት፤ የሁሉም መለኪያ አረቄ ሲሆን የእኔ ውኃ ሆኖ መጣ።