ቀፎውን ስሸጥ ቁጥሮቼንም አብሬ ሸጥኩ

ቡሬ ላይ በርበሬና በቆሎ ስነግድ ኖኪያ 6310አይን አራት ዓመት ይዣለሁ። በ1999 ዓ.ም. ነው ያገለገለውን ከመርካቶ የገዛሁት። ይህ ቀፎ በ2002 እ.ኤ.አ. ለነጋዴና ለቢሮ ሰው ታስቦ የወጣ ነው። ካሜራ የለው፣ ስክሪኑም ባለቀለም አይደለም፤ ያለ ገመድ መላኪያዎቹ ብሉቱዝና ኢንፍራሬድ፣ የያኔው የስልክ ኢንተርኔት ጂፒአርኤስ፣ የቀጠሮ ካላንደርም ግን ነበሩት። ቡሬ መብራት ሲጠፋ እኔ ቻርጅ ፍለጋ ዞሬ አላውቅም፤ ባትሪው ቀናት ይቆያል። ለነጋዴ ከእሱ የተሻለ ቀፎ እስካሁን አልያዝኩም።

የምወድለት ግን የስልክ ማውጫውን ነው። ቀፎው ራሱ እስከ 500 ስም ይይዛል፤ በአንድ ስም ሥር የእጁንም፣ የቤቱንም፣ የመጋዘኑንም ቁጥር፣ ማስታወሻም ጭምር ታስገባለህ። ሲም ላይ ግን አንድ ስም አንድ ቁጥር ብቻ ነው፤ የእኔ ሲም ደግሞ ከ250 በላይ አይወስድም ነበር።

በ2003 ዓ.ም. ባለቀለም ስልክ አማረኝና ደብረ ማርቆስ አንድ ስልክ ቤት ገባሁ። ዋጋ ተስማማን፣ አሮጌውን ሰጥቼ ልዩነቱን ልከፍል። ቁጥሮቹን ወደ ሲም እንዲገለብጥልኝ ልጁን ጠየቅኩት። ስልኩ ሲገለብጥ ይጠይቃል፦ አንድ በአንድ፣ ሁሉንም፣ ወይስ ዋና ቁጥሮችን ብቻ? ልጁ ሦስተኛውን ተጫነ። አጠገቡ ቆሜ አይቻለሁ፤ ምን ማለት እንደሆነ አልጠየቅኩም። «ጋሼ፣ ሁሉም ሲሙ ላይ ገብቷል፣ ሐሳብ አይግባዎት» አለኝ። አመንኩት።

«ዋና ቁጥር» የሚለው በአንድ ስም ሥር መጀመሪያ የመዘገብከውን ነው፤ አንተ ካልቀየርከው እንደዚያው ይቀራል። እኔ ደግሞ ሰዎቼን የመዘገብኳቸው ገና ሞባይል ሳይኖራቸው ነው። የነቀምቴው በቆሎ ደላላዬ የመጀመሪያ ቁጥሩ የጎረቤቱ ሱቅ ነበር፤ የራሱን የእጅ ስልክና የመጋዘኑን በኋላ ነው የጨመርኩት። የሹፌሮቹም እንደዚያው፤ አንዱ የእናቱ ቤት፣ አንዱ ያደረበት ሆቴል።

በሳምንቱ የበርበሬ ዛላ ተጭኖ መኪናው አልመጣ አለ። ሹፌሩ ጋ ስደውል አንዲት ሴት አንስታ «ተሳስተዋል» አለችኝ። ሌላ ሞከርኩ፣ ያው። የዚያን ቀን አሥራ ስምንት ሰው ጋ ደውዬ አራቱን ብቻ አገኘሁ። ማታውኑ ወደ ማርቆስ ተነሣሁ። ቀፎው ታጥቦ፣ ማለት ሁሉ ነገሩ ተሰርዞ፣ ለሌላ ሰው ተሸጧል። ልጁ «ጋሼ፣ እኛ ያዘዙንን ነው ያደረግነው» አለ። ያዘዝኩት ቁጥሮቼን እንዲያወጣልኝ ነበር! ዋና ቁጥሮችን ብቻ በል አላልኩም። ይህ እስከ ዛሬ ያናድደኛል፤ ከሱ በላይ ግን የምናደደው በራሴ ነው። አንድ የገበያ ሳምንት አሮጌውን ቀፎ ኪሴ ውስጥ ባቆየው ምንም አልጠፋም ነበር፤ ቁጥሮቹ ከቀፎው አልወጡም ነበርና።

ሁሉም ሰው «ሲም ላይ ያዝ፣ ሲም አይጠፋም» ይላል። እኔ አልልም። የምትነግዱ ሰዎች ቁጥራችሁን በደብተር ጻፉ፣ ስሙን ከነማስታወሻው። አዲስ ስልክ ስትገዙ አሮጌውን ወዲያው አትስጡ፤ ቢያንስ አንድ የገበያ ሳምንት በአዲሱ ደውሉ። በስም ሥር ያለውን ዋና ቁጥርም አሁኑኑ እዩት።

የነቀምቴውን ደላላ ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላ ቡሬ መናኸሪያ አገኘሁት። «አንተ ሰው፣ ምን አድርጌህ ነው የተውከኝ?» አለኝ፣ እጄን ሳይጨብጥ። ነገሩን ነገርኩት። ቁጥሩን ሰጠኝና ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። በቆሎውን ግን ዛሬም የሚጭነው ለፍኖተ ሰላሙ ነጋዴ ነው።