ደብተሩ ሲታጠፍ ገጾቹ ይንሸራተታሉ

ዛሬ ከሜልቦርን ተነስተን ቤንዲጎ ወደምትባለው የአውስትራሊያ ከተማ ሄድን። ሴንትራል ዴቦራ በሚባለው የድሮ የወርቅ ጉድጓድ 61 ሜትር ወረድን። እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም።

መንገድ ላይ የቤንዲጎ አለት የታጠፈ መሆኑን ስነግራት፣ ልጄ "ድንጋይ ሲታጠፍ አይሰበርም እንዴ?" ብላ ጠየቀችኝ። የስዕል ደብተሯን ተቀበልኳትና በገጾቹ ጠርዝ ላይ ቀጥ ያለ መስመር አሰመርኩ። ከዚያ አጠፍኩት። መስመሩ ተዛነፈ። አንድም ገጽ አልተቀደደም፤ አንዱ በሌላው ላይ ተንሸራተተ እንጂ።

የቤንዲጎ አለትም የሆነው ይኸው ነው። የባሕር ወለል ላይ የተነጠፈ የአሸዋና የጭቃ ድንጋይ፣ ከ440 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከግራና ቀኝ ተጨምቆ ተጣጠፈ። የአሸዋ ድንጋዩ ጠንካራ ነው። በመሃል ያለው የጭቃ ድንጋይ ግን ለስላሳ ነው፤ ያንሸራትታል። ስለዚህ ጂኦሎጂስቶች ፎልት የሚሉት ስንጥቅ መጀመሪያ የሚፈጠረው ንጣፉን ተከትሎ ነው። እጥፋቱ አናት ላይ መንሸራተት የለም ማለት ይቻላል። ብዙው ያለው በሁለቱ ጎኖች ነው። እጥፋቱ በጣም ሲጠብቅ ግን መንሸራተት ብቻውን አይበቃም። ያኔ ስንጥቁ ንጣፎቹን አቋርጦ ያልፋል።

አናቱ ላይ ደግሞ ንጣፎቹ ሲላቀቁ ክፍተት ይፈጠራል። እዚያ ትኩስ ውሃ ኳርትዝ የሚባለውን ማዕድንና ወርቅ ይዞ ገባ። ቅርጹ የፈረስ ኮርቻ ይመስላል፤ ቆፋሪዎቹም ኮርቻ ብለው ጠሩት። እንዴት ደስ የሚል ስም ነው!

ጉድጓዱ ውስጥ ልጄ በግድግዳው ላይ ያለውን ነጭ የኳርትዝ መስመር በጣቷ እየተከተለች "ገጹ የተንሸራተተው እዚህ ጋ ነው?" አለችኝ።

አዎ የኔ ልጅ፣ እዚሁ ጋ ነው።