የእርጎ ባክቴሪያ የዕፅዋት መድኃኒት ሲያመርት

ሬስቬራትሮል የተባለው ንጥረ ነገር ስሙ ሁልጊዜ ከወይን ጋር ይነሣል እንጂ፣ ለገበያ የሚቀርበው በአብዛኛው የሚወጣው በቻይናና በጃፓን ባህላዊ ሕክምና ለረጅም ዘመን ካገለገለው፣ የጃፓን ኖትዊድ ከሚባለው ተክል ሥር ነው። ሥሩ ተቆፍሮና ታጥቦ ይደርቃል፤ ከተፈጨ በኋላም እንደ ኤታኖልና ኤቲል አሲቴት ባሉ ማሟሚያዎች ተዘፍዝፎ በተደጋጋሚ ይጣራል። የሚፈለገው ነገር ከሥሩ ክብደት እጅግ ጥቂቱ ስለሆነ፣ የተረፈው አተላና ማሟሚያ ያለበት ፍሳሽ ብዙ ነው።

ይህን ለማስቀረት ተመራማሪዎች የተክሉን ጂኖች ለባክቴሪያ ይሰጣሉ። ሥራው በሦስት ኢንዛይሞች፣ ማለትም የኬሚካል ለውጥን በሚያፋጥኑ ፕሮቲኖች ያልቃል። የመጀመሪያው ታይሮሲን የተባለውን አሚኖ አሲድ ወደ ኩማሪክ አሲድ ይለውጣል፤ ሁለተኛው አሲዱን ለቀጣዩ ደረጃ ያዘጋጃል፤ ሦስተኛው ደግሞ ማሎኒል ኮኤ ከሚባለው ሞለኪውል ሦስቱን ወስዶ ሬስቬራትሮልን ይገነባል። ማነቆው እዚህ ላይ ነው፤ ባክቴሪያው ማሎኒል ኮኤን የሚፈልገው ለራሱ ስብ መሥሪያ ሲሆን፣ የሚያመርተውም ለዚያው የሚበቃውን ያህል ብቻ ነው። በ2011 በአሜሪካ የማቲዮስ ኮፋስ የምርምር ቡድን የስብ ሥራውን በመግታትና ኩማሪክ አሲድ በመመገብ አንጀት ውስጥ ከሚኖረው ኢ. ኮላይ ከተባለው ባክቴሪያ በሊትር 2.3 ግራም ሬስቬራትሮል ማግኘቱን አሳውቋል።

ሆኖም ኢ. ኮላይ በግድግዳው ላይ ኢንዶቶክሲን የተባለ መርዝ ይሸከማል። ይህ ነገር ወደ ደም ከገባ ትኩሳትና ከዚያም የከፋ ጉዳት ስለሚያስከትል፣ ምርቱን ከእርሱ የማጥራቱ ሥራ እንደገና ውኃ፣ ኬሚካልና ኃይል ይጠይቃል። ለምግብ የለመድናቸው ባክቴሪያዎች ተስፋ የሚሰጡኝ በዚህ ምክንያት ነው። ለአይብና ለእርጎ መሥሪያ የሚያገለግለው፣ በእኛም አገር እርጎ ውስጥ የሚገኘው ላክቶኮከስ ላክቲስ ይህ መርዝ የለውም፤ ሬስቬራትሮልንም እንዲያመርት ተደርጓል።

ለጤና ይጠቅማሉ ተብለው ለሚወሰዱ ሕያው ባክቴሪያዎች የሚሰጠው ፕሮባዮቲክ የሚለው ስም ግን ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ጀርመናዊው ሐኪም አልፍሬድ ኒስለ በ1917፣ ጓዶቹ በተቅማጥ ሲታመሙ ጤነኛ ሆኖ ከቀረ ወታደር የለየው የኢ. ኮላይ ዝርያ እስከ ዛሬ በመድኃኒትነት ይሸጣል፤ ይሁን እንጂ ዲኤንኤን የሚጎዳውን ኮሊባክቲንን የሚሠሩ ጂኖች እንዳሉት ከጊዜ በኋላ ታውቋል። እንዲህ ያለውን ዝርያ ለምርት የሚመርጥ ሁሉ እነዚያን ጂኖች አስቀድሞ ማስወገድ አለበት እላለሁ።

የብክለቱ ሒሳብ የሚወሰነው ከሁሉም በላይ በምርቱ መጠን ነው። ላክቶኮከስ እስካሁን የሰጠው በሊትር ጥቂት ሚሊግራም ያህል ሲሆን፣ በዚህ መጠን አንድ ግራም ለማግኘት በመቶዎች የሚቆጠር ሊትር ፈሳሽ ማሞቅ፣ ማጣራትና በመጨረሻም ባክቴሪያዎቹ ሞተው እንዲወገዱ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ስኳሩም ቢሆን ከእርሻ የሚመጣ ነው። ዋጋውም አይረሳም። በእርሾ የሚዘጋጀው የወባ መድኃኒት አርቴሚሲኒን በ2013 ጣሊያን ውስጥ በፋብሪካ ደረጃ መመረት ቢጀምርም፣ ከተክሉ የሚወጣው ረክሶ ስለነበር ሊወዳደረው አልቻለም። ስለዚህ የእርጎ ባክቴሪያ ከሥር ነቀላው ይሻላል የሚል ሁሉ፣ ለአንድ ኪሎ ንጹሕ ምርት የሚወጣውን ውኃ፣ ማሟሚያና ኤሌክትሪክ ከሥሩ ወጪ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጦ እንዲያሳየን እጠይቃለሁ።